ከሰርግ በፊት የሚጠየቀው ወረቀት፦ የደም ምርመራው ምን ያውቃል? ማንስ ያንብበው?

ባለፈው ጥር የአብሮ አደጌ ሰርግ ስለነበር መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። አገሩን ለማታውቁት፣ ከደሴ ተነስታችሁ በአቀስታ በኩል ደጋ ደጋውን ረጅም መንገድ ከተጓዛችሁ በኋላ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ማዘቅዘቅ ከመጀመሩ በፊት የምታገኟት የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። በዚያ አገር ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል።

ቤቱ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጠላው ደርሷል። ወሬው ግን ስለ ድግሱ ሳይሆን ስለ አንድ ወረቀት ነበር። የሙሽራዋ ወገኖች የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ጠይቀዋል። ጓደኛዬም ተመርምሯል፣ ኔጌቲቭ ነው፣ በዚህ በኩል ችግር የለም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወረቀቱን ለሽማግሌ ከሰጠበት ሰዓት ጀምሮ ወረቀቱ የእሱ መሆኑ አበቃ። አንዱ ሽማግሌ ለሌላው አሳየ፣ ሌላው ለወንድሙ፣ ማታ ላይ የሙሽራዋ አክስት ጎረቤት ሳትቀር አይታዋለች። ሙሽራዋ ራሷ የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነው። የእሷም ወረቀት በዚያው መንገድ ወደ እኛ ቤት መጣ። እኔም አየሁት። ማየት አልነበረብኝም።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ እየሳቀ ነው የነገረኝ። «ፖዘቲቭ ቢሆንስ ኖሮ?» አልኩት። ሳቁን ተወ። «ያን ጊዜማ እዚህ አታገኘኝም ነበር» አለኝ።

እኔ የምህንድስና ሰው ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን የምሠራውም በመለኪያ መሣሪያዎች ላይ ነው። ስለዚህ «ሰውን አስገድዶ መለካት ተገቢ ነው ወይ?» ከማለቴ በፊት «መለኪያው ራሱ የሚለካው ምንድን ነው?» ማለት ይቀናኛል። ሁለቱን ጥያቄዎች አብረን እንያቸው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ።

ሕግ ነው እንዴ?

ብዙ ወጣት ያለ ምርመራ መጋባት በሕግ የተከለከለ ይመስለዋል። አይደለም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለጋብቻ የሚያስፈልጉትን ነገሮች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፦ የሁለቱ ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ፣ 18 ዓመት መሙላት፣ የተከለከለ ዝምድና አለመኖር፣ በሌላ ጋብቻ አለመታሰር። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) አለው፤ እሱም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ ከቅድመ ሁኔታዎቹ ውስጥ የለም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 ላይ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይናገራል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን ያስከብራል።

የሚገርመው፣ የቤተሰብ ሕጉ የጤናን ነገር ጨርሶ አልረሳውም። ሁለት ቦታ ላይ ያነሳዋል። አንደኛው፣ ትዳሯ የፈረሰ ሴት እንደገና ለማግባት 180 ቀን መጠበቅ አለባት ይላል፤ ነፍሰ ጡር አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ግን መጠበቁ ይቀራል። ሁለተኛው አንቀጽ 13 ነው። አንድ ሰው «መሠረታዊ ስህተት» ላይ ሆኖ ካገባ ፈቃዱ እንደ ትክክለኛ ፈቃድ አይቆጠርም። ከእነዚህ ስህተቶች አንዱ የትዳር ጓደኛው የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታ እንዳለበት አለማወቅ ነው። ልብ በሉ፣ ሕጉ «ወረቀት አምጡ» አላለም። ሳያውቅ ያገባ ሰው ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል ነው ያለው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሕጉ የግድ ይሟላ ያለውን፣ ማለትም የልጅቱን ዕድሜና የልጅቱን ፈቃድ፣ በሽምግልና ላይ በወረቀት የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላየሁም። ሕጉ ያልጠየቀውን ወረቀት ግን ሁሉም ይጠይቃል። የ15 ዓመት ልጅ ደም ንጹሕ መሆኑ ጋብቻዋን ሕጋዊ አያደርገውም።

ታዲያ ወረቀቱን ማን አመጣው? ፍርሃት ነው ያመጣው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። ኤች አይ ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የተመዘገቡት በ1986። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወላጆቻችን ከቀብር ወደ ቀብር ሲመላለሱ ኖረዋል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ከዚያ በፊት ፖዘቲቭ መሆን ማለት ለአብዛኛው ሰው ቀን መቁጠር ማለት ነበር። የሃይማኖት አባቶችና ቤተሰቦች «ከመጋባታችሁ በፊት ተመርመሩ» ማለት የጀመሩት በዚያ ጊዜ ነው። ሰው ሊያድኑ ፈልገው ነው። የዛሬው ጥያቄ ያ ወረቀት ዛሬም ሰው ያድናል ወይ የሚለው ነው።

አንዲት ጠብታ ደም

ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ጣታችሁን ስትወጉ የሚሆነው ይህ ነው። ባለሙያዋ አንዲት ጠብታ ደም በትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ባለች የወረቀት ዘንግ ጫፍ ላይ ታደርጋለች፣ ከላይ ፈሳሽ ጠብ ታደርግበታለች። ዘንጓ እንደ ኩራዝ ክር ናት፤ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ወረቀቷም ደሙን ትስበዋለች። ደሙ በመንገዱ ላይ ከቀይ ቅንጣቶች ጋር ይደባለቃል (አብዛኛውን ጊዜ ከወርቅ የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው፤ ወርቅ በዚያ ልክ ሲደቅ ቀይ ይመስላል)። ትንሽ እልፍ ሲል የቫይረሱን ክፍሎች የሚመስሉ ፕሮቲኖች በመስመር ተለጥፈው ይጠብቁታል። ደሙ ውስጥ ኤች አይ ቪን ለመዋጋት የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ካለ እዚያ መስመር ላይ ይያዛል፣ ቀዩን ቅንጣትም ይዞ ይቀራል፣ መስመሩ ቀልቶ ይታያል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛ መስመር መቆጣጠሪያ ነው፤ መሣሪያው ከሠራ ሁልጊዜ መውጣት አለበት። እሱ ካልወጣ ውጤቱ ውጤት አይደለም፣ ሌላ መሣሪያ ተከፍቶ ይደገማል። ሁሉም ነገር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያልቃል።

ዋናው ነገር ይህች ዘንግ ቫይረሱን አትፈልግም። የምትፈልገው ሰውነታችን ለቫይረሱ የሰጠውን መልስ ነው። በገለባ ክምር ሥር ፍም ቢገባ ጭሱ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ከውጭ የቆመ ሰው ጭስ ስላላየ ብቻ እሳት የለም ማለት አይችልም። ቫይረሱ ከገባ በኋላ በጣት ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ ሊያየው የሚችለው ከ23 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የጤና ባለሙያዎች ይህን «ዊንዶው ፔሬድ» ይሉታል፣ የመስኮት ጊዜ ማለት ነው። ከክንድ ተቀድቶ በላቦራቶሪ የሚሠራና የቫይረሱንም ክፍል የሚፈልግ ምርመራ ቀደም ብሎ፣ ከ18 እስከ 45 ቀን ውስጥ ያገኘዋል። ዜሮ ቀን ላይ የሚያገኝ ግን የለም።

እስቲ በሀገራችን የቀን አቆጣጠር እናስላው፤ ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ሂሳብ ይመቻሉ። ሰርጉ ጥር 15 ነው እንበል። ሙሽራው ታኅሣሥ 20 ተመረመረ፣ ኔጌቲቭ ተባለ። በጥንቃቄ 90 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ መስከረም 20 ላይ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ ወረቀቱ በእርግጠኝነት የሚናገረው ከመስከረም 20 በፊት ስለነበረው ሕይወቱ ነው። ከምርመራው እስከ ሰርጉ ደግሞ 25 ቀን አለ። ሲደመር 115 ቀን፣ ወደ አራት ወር ገደማ፣ ወረቀቱ የማያውቀው ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ሲያስገቡ ግን «ስለዚህ ልጅ ሁሉን አወቅን» ብለው ነው።

በዚህ በኩል ኤች አይ ቪ በዘር ከሚተላለፉ በሽታዎች ይለያል። ሳውዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ተጋቢዎች ሲክል ሴልና ታላሴሚያ ለተባሉ የደም በሽታዎች እንዲመረመሩ ታስገድዳለች፤ በ2008 ደግሞ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረሶችን ጨምራለች። እንደ ታላሴሚያ ያለ በሽታ ሲሆን ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ያ ምርመራ አንድ ጊዜ ከተሠራ በቃ፣ ዕድሜ ልክ አይለወጥም፤ ስንወለድ ይዘነው የመጣነው ነገር ነዋ። የኤች አይ ቪ ኔጌቲቭ ውጤት ግን ቀን ያለው ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ «የጋብቻ ምርመራ» ብሎ መጥራት ብዙ ሰው ያሳስታል።

አሁን ትንሽ ሂሳብ። አትሽሹ፣ ማባዛትና መደመር ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለፈጣን ምርመራዎች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት አለ፦ ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ቢያንስ 99ኙን ማግኘት፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ ቢያንስ 98ቱን «የለባችሁም» ማለት። በጣም ጥሩ ይመስላል አይደል? እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቫይረሱ በደማቸው የተገኘ አዋቂዎች (ከ15 እስከ 49 ዓመት) በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነበሩ። የገጠሩን ቁጥር ይዘን 10,000 ወጣቶችን በአንድ ዓይነት መሣሪያ ብቻ መረመርን እንበል። ቫይረሱ ያለባቸው 40 ናቸው፣ መሣሪያው ሁሉንም ያገኛቸዋል ማለት ይቻላል። የሌለባቸው 9,960 ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ 2 በመቶው፣ ማለትም 199 ሰዎች፣ በስህተት ቀይ መስመር ይወጣላቸዋል። በድምሩ 239 ሰው «ፖዘቲቭ» ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ እውነተኞቹ 40 ብቻ ናቸው። ከስድስቱ አምስቱ ምንም የለባቸውም!

መሣሪያው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የምንፈልገው ነገር ጥቂት ሲሆንና የምንፈትሸው ሰው ብዙ ሲሆን ትንሿ ስህተት ተባዝታ እውነቱን ትበልጠዋለች። ለዚህ ነው ጤና ተቋም ውስጥ በአንድ ቀይ መስመር ብቻ ማንም ሰው «ፖዘቲቭ ነህ» የማይባለው። ሁለተኛ ዓይነት መሣሪያ ይመጣል፦ ከ239ኙ ውስጥ እውነተኞቹ 39 ሲቀሩ የተሳሳቱት ወደ 4 ይወርዳሉ። ሦስተኛው ሲጨመር የተሳሳቱት ከአንድ ሰው በታች ይሆናሉ። ይህ የሚሠራው ግን መሣሪያዎቹ የተለያዩ ሲሆኑ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ የተበላሸ ሰዓት አይተው ቢስማሙ ሰዓቱ ልክ ነው ማለት አይደለም። (እውነተኞቹ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛው መስፈርት የተሻሉ ናቸው፤ የሂሳቡ ጠባይ ግን አይለወጥም።) ስለዚህ ከፋርማሲ በተገዛ ራስን መመርመሪያ ቤት ውስጥ ቀይ መስመር አይቶ ሰርግ የሚሰርዝ ቤተሰብ ካያችሁ፣ በሂሳቡ መሠረት በጣም ቸኩሏል።

ማስገደዱ ይሠራል?

የተሞከረበት ቦታ አለ። ኢሊኖይ፣ ቺካጎ የምትገኝባት የአሜሪካ ክፍለ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 መጀመሪያ ጀምሮ የጋብቻ ፈቃድ የሚፈልግ ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርግ በሕግ አስገደደች። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 70,846 ሰዎች ፈቃድ ጠየቁ። ቫይረሱ የተገኘባቸው ስንት ናቸው? ስምንት። ለምርመራው የወጣው ወጪ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተገመተ፤ ለአንድ ሰው ከ312,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ በኢሊኖይ የሚወጣው የጋብቻ ፈቃድ 22.5 በመቶ ቀነሰ። ፍቅር ስለቀነሰ አልነበረም። ሰው ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት ክፍለ ግዛት ሄዶ ይጋባ ነበር። ሕጉ በ1989 ተሰረዘ።

እዚያ የነበረው የቫይረስ ስርጭት ከእኛ ይለያል፣ ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። የሰው ጠባይ ግን ያው ነው፦ የሚፈራው ሰው ዞሮ ያልፋል። እኛ አገር ደግሞ ዞሮ ማለፊያው ቅርብ ነው። ሕጋችን ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ተክሊሉም፣ ኒካሁም፣ የሰማንያ ውሉም በአንድ መንደር ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ በር ላይ ወረቀት ቢጠየቅ ሌላው በር ክፍት ነው። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ያለ ዘመድ ቤት መሄድም አለ።

በእርግጥ የግዴታ የደም ምርመራ ለወሎ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ሳውዲና ወደ ሌሎቹ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን ከቪዛ በፊት «ሜዲካል» ያደርጋሉ፤ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ የደረት ራጅ፣ እርግዝና ሁሉ ይታያል። ውጤቱ አንድ ቃል ነው፤ ፊት ወይም አንፊት። አንፊት የሆነችው ልጅ ወደ መንደሯ ስትመለስ ሰው የራሱን ግምት ይሰጣታል፤ ምክንያቱ የድሮ የሳንባ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ ሰው ግን የሚያስበው አንድ ነገር ነው። የጋብቻ ወረቀትን ነገር ሳስብ ይህ ቃል ይመጣብኛል። አሠሪ ሠራተኛ የሚመርጥበትን መንገድ ትዳር ውስጥ አምጥተን እንዳይሆን እላለሁ።

አንዲት ሲስተር ያለችኝ

ይህን ሁሉ ይዤ «ግዴታ መጥፎ ነው፣ አለቀ» ልል ነበር። ከዚያ በዚያው አካባቢ ለዓመታት የሠራች አንዲት ነርስ አገኘሁ፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ሐሳቤን ስነግራት ብዙም አልተደነቀችም።

«አንተ ከተማ ሆነህ ነጻነት ትላለህ፣ ደግ ነው» አለችኝ። «እዚህ ግን አንዲት ልጅ እጮኛዋን እንመርመር ብትለው ምን እንደሚላት ታውቃለህ? አታምኚኝም? ይላታል። ወይም ምን ሠርተሽ ነው? ይላታል። የንስሐ አባቴ ጠይቀዋል፣ ሼኩ ጠይቀዋል ካለችው ግን ዝም ብሎ ይመጣል። ያንን ከእጇ ከወሰድክባት በምን ትጠይቀው?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። እምቢ ማለት ለማትችል ልጅ «ነጻ ፈቃድ» የሚለው ቃል ባዶ ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ሰው ግዴታ ደግሞ ለእሷ መከለያ ይሆናል።

ቆይቼ ሳስበው ግን ሲስተር የፈለገችው ጥያቄው እንዲጠየቅ እንጂ ወረቀቱ እንዲነበብ አይደለም። እኛ ሁለቱን አንድ አድርገናቸዋል። መለያየት ይቻላል። ሽማግሌውም፣ ቄሱም፣ ሼኩም «ሁለታችሁ አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችኋል?» ብለው ይጠይቁ። ጤና ጣቢያውም የሚሰጠው ወረቀት «እነዚህ ሁለት ሰዎች በዚህ ቀን አብረው መጥተው የምክርና የምርመራ አገልግሎት አግኝተዋል» የሚል ብቻ ይሁን፤ ውጤት የሌለበት። ውጤቱን የሚያውቁት በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ሁለቱና ባለሙያዋ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ጥንዶች አብረው እንዲመረመሩ የሚመክር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቷል፤ ያው ድርጅት ግን አስገድዶ መመርመርን አይደግፍም። ፈቃድ፣ ምስጢር መጠበቅና ምክር ከምርመራው ጋር አብረው ይሂዱ ነው የሚለው።

ይህም ቢሆን ቀዳዳ አለው። ሰርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተመርምረው ሰርጉ ከቀረ፣ ወረቀቱ ላይ ምንም ባይጻፍ መንደሩ ይገምታል። ስለዚህ ጊዜው ራሱ መለወጥ አለበት። መመርመር ያለባችሁ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ቀን ከመቆረጡ በፊት ነው። ያኔ ሁለት ሰዎች ቢለያዩም «አልተስማማንም» ብለው ነው፣ ማንም አይጠይቅም። የመስኮት ጊዜውም ይሸፈናል፤ ሦስት ወር ቆይቶ መድገም ይቻላል። ድንኳን ከተተከለ በኋላ የሚመጣ ውጤት ግን ለማንም ነጻ ምርጫ አይሰጥም፤ በሬው ታርዷል እኮ።

አንዱ ፖዘቲቭ ቢሆንስ?

ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን የሚያነቡት በድሮው ዘመን ዓይን ነው። ዘመኑ ግን ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ፓርትነር የተባለ የአውሮፓ ጥናት አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶችን ተከታትሏል። ቫይረሱ ያለባቸው ሁሉ መድኃኒታቸውን ይወስዱ ነበር፣ በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠንም በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ያለ ኮንዶም ከተደረጉ ወደ 58,000 ከሚጠጉ ግንኙነቶች ውስጥ ቫይረሱ ከትዳር ጓደኛ ወደ ትዳር ጓደኛ የተላለፈበት አንድም አልተገኘም። ዜሮ። ልጅ መውለድም እንዲሁ ነው፤ ምንም ሕክምና ካልተደረገ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፣ ሕክምና ሲኖር ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል።

ማለትም ዛሬ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ማግባት ይችላል፣ ጤነኛ ልጅ መውለድም ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልገው ሳይፈራ መመርመርና መድኃኒቱን በጊዜው መጀመር ነው። ውጤቱ በሽማግሌ ኪስ እንደሚዞር የሚያውቅ ሰው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያው ላለመቅረብ ምክንያት አገኘ። ግዴታው ሊይዘው የፈለገውን ሰው ራሱ ያባርረዋል።

እግረ መንገዴን፣ ከሄዳችሁ አይቀር ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት ቫይረስም ጠይቁ። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ቫይረሱ 7 በመቶ ገደማ ሰው ላይ ይገኛል፤ ከኤች አይ ቪ በብዙ ይበልጣል። በግንኙነትም ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። ክትባት አለው፤ በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። አንዱ ካለበት ሌላው ይከተባል፣ ሰርጉም ይቀጥላል። በሽምግልና ላይ ስለዚህ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። «የደም ዓይነታችን አይስማማም» እየተባለ ሲፈራ ግን ሰምቻለሁ። እሱ የአር ኤች ነገር ነው፤ ሴቷ ኔጌቲቭ፣ ወንዱ ፖዘቲቭ ሲሆኑ በእርግዝና ጊዜ በመርፌ የሚከላከሉት እንጂ ጋብቻ የሚያስቀር አይደለም። እዚህ ላይ ያለው «ፖዘቲቭ» ከኤች አይ ቪው ጋር ምንም አይገናኝም፤ ቃሉ አንድ ስለሆነ ብቻ የተደናገጠ ሰው አጋጥሞኛል።

ሰኔ ላይ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ባለቤቱ አርግዛለች። ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ እንደ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር የኤች አይ ቪ ምርመራ እንደሚደረግላት ነገሯት፣ ባልሽም ይምጣ አሏት፣ ሄደ። በር ተዘግቶ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፣ ባለሙያዋ መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠየቀች፣ ከዚያ ውጤቱን ለሁለቱም እኩል ነገረቻቸው።

«ወረቀትስ?» አልኩት።

«አልሰጡንም» አለኝ። «እኛም አልጠየቅንም።»